ለሆራው ውሃ ዋስ የሆንኩባቸው ቀናት

ሰኞ፣ ከጎሬ እስከ መቱ

ከጎሬ የተነሳሁት ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ትምህርት ቤታችን የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ጨርሶ በተዘጋበት ሳምንት ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የመሬትን ሆድ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያጠና አንድ ቡድን ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ ወዳለ ፍልውሃ ሊሄድ ነበርና ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል፣ ትንሽም ሳይንስ የገባው አስተርጓሚ ፈልጎ የእኔ ስም ተጠቆመ። ፍልውሃው ያለበት መንደር ደግሞ የአባቴ አገር ነው። የአባቴ እህት አዳዳ ጫልቱ እስከ ዛሬ እዚያው ትኖራለች፤ መንደሩ መብራት አያውቅም፣ የጤና ኬላው በፀሐይ ይሠራ የነበረ ማቀዝቀዣም ከተበላሸ ቆይቷል። ይህን እያሰብኩ እሺ አልኩ።

ፍርሃቱ የመጣው ልብሴን ስሸክፍ ነው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ከመነሻው ቢያውቀው ይሻላል። ጅብ እፈራለሁ፣ ድልድይ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰው ፊት ቆሜ ሰው የማይወደውን ነገር መናገር ሲኖርብኝ ነው። ባለቤቴ ውብነሽ ጠባዬን ስለምታውቅ በር ላይ ቆማ ሳቀችብኝ።

«ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናትህ የሉምና አንተ ለእኔ ተመለስልኝ» አለች።

ጎሬ ኮረብታ ላይ ስላለች ጠዋት ጠዋት ጉም ይውጣታል። ሚኒባሱ ጢም ብሎ፣ ጣሪያው ላይ የቡና ጆንያ ተደርድሮ፣ ረዳቱም ለሻንጣዬ ታሪፍ ላይ የሌለ ዋጋ ጠርቶ ተነሳን። ሹፌሩ ቁልቁለቱን በጉም ውስጥ ሲያንደረድረው በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጉልበቴ ላይ የወጣችውን ዶሯቸውን እያነሱ «አይዞህ፣ መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል» አሉኝ። እኔን ያስፈራኝ በቃሉ ማወቁ ነው። ጉሙ ሲገለጥ ደኑ በግራም በቀኝም ጥቅጥቅ ብሎ ታየኝ፤ በየደጁ ሰሌን ላይ የተሰጣ ቡና ሰዎች በእግራቸው እየሄዱበት ይገለብጡታል። መቱ መናኸሪያ ስንደርስ መዳፌን ላብ አርሶት ነበር።

በባጃጅ ከሆስፒታሉ በላይ ወዳለው ሆቴል ሄጄ ቡድኑን አገኘሁት። መሪዋ ሰናይት የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ኢንጂነር ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ኦሮምኛ አትሰማም። ሹፌሩ ሙደሲር ይባላል። አባቱ ከስልጤ መጥተው መቱ ገበያ ጨርቅ ሲነግዱ የተወለደ በመሆኑ ኦሮምኛው ከእኔ ይበልጣል። መቆፈሪያውን የጫነው መኪና ከሁለት ቆፋሪዎች ጋር ቀድሞን ሄዷል። ፉል በዳቦ በላን፤ እኔ ግማሹን ተውኩት።

«መምህር፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ሰናይት።

«መንገድ ሲኖርብኝ አይበላልኝም» አልኳት። እውነቱም እሱ ነው።

ከመቱ ወደ ዳሪሙ

አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ ቀይ አቧራ ነው። መስኮት ቢዘጋም ጥርስ መሀል ይገባል። አንድ ትልቅ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ስንሻገር ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሙደሲር በመስታወቱ አይቶኝ ኖሮ «ጋሼ፣ አልፈነዋል፣ ይግለጡ» አለኝ። ወረዳው ከተማ ሻይና ሙዝ ቀማምሰን፣ ደብዳቤያችንን አሳይተን ቀጠልን። ከዚያ ወዲያ መኪና ብርቅ ነው፤ የምናገኘው በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ከብትና በቅሎ ብቻ ነው። ወንዞቹ በዚህ ወር ስለሚደርቁ ድንጋያቸው አግጥጧል።

ሰናይት ለመንደሩ ሰው የምናገረውን በመንገድ ላይ አስጠናችኝ። ከመሬት በታች ያረጀ የእሳተ ገሞራ ሙቀት እንዳለ፣ ሙቀቱ ውሃውን እንደሚያፈላው፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ወጥቶ መዘውር ካሽከረከረ መብራት እንደሚሆን ልገልጽ ነው። አሁን የሚቆፈረው ጉድጓድ ለሙከራ ብቻ የሚሆን፣ ውፍረቱም ከሰው ጭን የማይበልጥ ነው። የማንም መሬት አይነካም። ሙቀቱ አነስተኛ ከሆነ ተደፍኖ ይተዋል። ከሁሉም አጥብቃ የነገረችኝ ግን አንድ ነገር ነበር።

«ጉድጓዱን በፓምፕ ስንፈትን ፍልውሃው ለሁለት ሦስት ቀን ሊጎድል ወይም ሊደፈርስ ይችላል። እንዲያውም ሊጠፋ ይችላል። ተመልሶ ይመጣል፤ ግን በእነዚያ ቀናት ከብቶቻቸውን ሌላ ቦታ ያጠጡ። ይህቺን እንዳይረሷት፣ መምህር።»

«እንዴት እረሳታለሁ!» አልኳት። አልረሳኋትምም።

መንደሩ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ፍልውሃው ከኮረብታው እግር ሥር፣ ከጥቁር ድንጋይ መሀል እየፈላ ይወጣል። መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይኛው ኩሬ ውስጥ ይነከራሉ። ወደ ታች ሲፈስ እየቀዘቀዘ ከእንጨት የተቦረቦሩ ረጃጅም ገንዳዎች ውስጥ ይገባል፤ ጨው ጨው የሚለውን ይህን ውሃ ከብት ይጠጣዋል። ሆራ የሚሉት ይህንን ነው። ጠባቂው ኦቦ ዲንሳ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ምንጩን በየማለዳው የሚጠርጉት፣ የላይኛው መንደር ከብት በየትኛው ቀን፣ የታችኛው በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።

እንፋሎቱ ከድንጋዩ ስንጥቅ እየተምዘገዘገ ሲወጣ ሳየው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። በክፍል ውስጥ ስለ ሙቀትና ግፊት ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ከጫማዬ ሥር ሲያጉረመርም ግን ሰምቼው አላውቅም። አዳዳ ጫልቱ አቅፋ ስማኝ «መነመንክ እኮ! ጎሬ ምግብ የለም?» አለችኝ። ቤቷ ከሆራው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው። እዚያ ቤት እንዴት ተኝታ እንደምታድር እያሰብኩ የቀረበልኝን ጨጨብሳ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ከሾላው ሥር

ሰዉ ጠዋት ከሆራው በላይ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሴቶቹ በግራ፣ ወጣቶቹ ከኋላ ቆሙ። ሰናይት ሰላምታ ብቻ ሰጥታ ቦታውን ለእኔ ለቀቀች። ድስት ሲፈላ ክዳኑን የሚያነሳው እንፋሎት መሆኑን ከመንገር ጀመርኩ፤ ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ መብራቱ ስናገር ከኋላ ፉጨት ተሰማ። የሰውን ፊት እያየሁ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ኦቦ ዲንሳ እስኪነሱ ድረስ ነበር።

«እዚህ ታች የተኛ እሳት አለ ትላለህ» አሉ። «የተኛን ነገር ከቀሰቀሳችሁት በኋላ መልሳችሁ ታስተኙታላችሁ?»

«ጉድጓዱ ቀጭን ነው፣ ኦቦ ዲንሳ። እሳቱ ዘንድ አይደርስም።»

«ይሁን። ሆራችንስ? ውሃው ቢሄድብንስ?»

ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። የሰናይት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልክ እንደነገረችኝ «ሁለት ሦስት ቀን ሊጠፋ ይችላል፣ ተመልሶ ይመጣል» ብል በቂ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። ይህን ብናገር ሲጮሁ፣ ሲከለክሉ፣ መቆፈሪያው ሲመለስ፣ መብራቱም ሲቀር ታየኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ መብራቱ ያሰብኩት በኋላ ሰበብ ስፈልግ ነው። በዚያች ሰዓት የፈራሁት ዝምታቸውን ነበር።

«አይሄድም» አልኩ። «ሆራው አይነካም።»

ኦቦ ዲንሳ ጎንበስ ብለው ከሾላው ሥር እርጥብ ሰርዶ ነጩ። እየመረቁ ሣሩን ዘረጉልኝ። ምርቃት መስሎኝ በሁለት እጄ ተቀበልኩና ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሰዉ በአንድ ድምፅ እልል አለ፤ ሰናይትም አጨበጨበች።

«ስለ ውሃውም ነገሯቸው?» አለችኝ፣ ወደ መቆፈሪያው ስንወርድ።

«አዎ» አልኳት። ውሸት አንዴ ከገባ ወንድሙን ይዞ ነው የሚገባው።

ሙደሲር ከኋላችን ነበር። ሰናይት ስትርቅ ጠብቆ ጠጋ አለኝ። መንገድ ላይ ስታስጠናኝም ነበረ፤ ከሾላው ሥርም ቆሞ ሰምቷል።

«ጋሼ፣ አንዲቱን ዘለሏት» አለኝ በዝግታ።

«ማታ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ፣ ሙደሲር። በሕዝብ ፊት ስለሆነ ነው።»

«ይሁን» አለ። ፊቴን ግን አላየኝም።

ማታውን ኦቦ ዲንሳ ታች መንደር ለቅሶ ሄደዋል ተባልኩ። እፎይ ማለቴን አልደብቅም።

ረቡዕ

ማክሰኞ ከሰዓት የተጀመረው ቁፋሮ ረቡዕ ጠዋት ቀጠለ። ማሽኑ ሲያጓራ መሬቱ ከእግር እስከ መንጋጋ ይንቀጠቀጣል። የአዳዳ ጫልቱ ቤት መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ቀትር ላይ ከቧንቧው በእንፋሎት የተሸፈነ ውሃ ዘለለ፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ቆፋሪዎቹ ሲስቁ እኔ ወደ መኪናው ሮጥኩ። ሰናይት በመለኪያዋ ሙቀቱን አንብባ ፊቷ በራ።

«ለትልቅ ከተማ ባይሆን ለመንደሩና ለጤና ኬላው የሚሆን ተስፋ አለው» አለችኝ። «አሁን ፓምፑን እንጀምራለን።»

ፓምፑ ከሰዓት ጀምሮ ሲሠራ ዋለ። እኔ በየሩብ ሰዓቱ ሆራው ዘንድ እየሄድኩ ገንዳውን አያለሁ። ውሃው እንዳለ ነው። አንዳንዴ ጎደል ያለ ይመስለኛል፤ መልሼ ደግሞ ዓይኔ ነው እላለሁ። እንዲህ ሳላስበው ሳይጠፋ ይቀር ይሆናል ብዬ መመኘት ጀመርኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ወደ አመሻሹ አዳዳ ጫልቱ ቤት ስመለስ ዳማው በሬዋ በረቱ ደጅ ታስሮ አፈር ይልሳል። ምላሱ ደርቋል።

«አዳዳ፣ ይህ በሬ ውሃ የጠማው ይመስላል።»

«ይጠማው እንጂ! ነገ የእኛ መንደር ተራ ነው። ሆራ የሚጠጣ ከብት ከዋዜማው ጀምሮ ሌላ ውሃ አይቀምስም፤ አለዚያ ጨዋማውን በደንብ አይጠጣም። አባትህ አልነገረህም?»

ነግሮኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ለዕረፍት ስመጣ የአባቴን ከብቶች ከዋዜማው ያሰርኩት እኔው ነኝ። ጎሬ ተቀምጬ ጠመኔ ስይዝ ተረስቶኝ ኖሯል። የላይኛው መንደር ከብት በሙሉ ከቀትር ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም ማለት ነው።

ይህን እያሰላሁ ሳለ አዳዳ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሣር አይታ ፈገግ አለች።

«ሣሩን ደህና አድርገህ ያዝ። ትልቅ ነገር ነው የተቀበልከው። እርጥብ ሣር ተቀብሎ የተናገረ ሰው ዋቢ ነው፤ ለተናገረው ነገር ዋስ ነው። ዲንሳ እንግዶቹን አላመናቸውም፤ አንተን ነው ያመነው። የወንድማችን ልጅ ካለ ይሁን ብሎ ነው።»

እጄን ኪሴ ላይ አደረግሁ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። በሬው ታስሮ ፊቴ ቆሟል፤ አክስቴ ፊቴ ቆማለች። አፌን ከፈትኩ። «ደክሞኛል» ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ውሃው የሸሸ ዕለት

ያነቃኝ የከብት ጩኸት ነው። የአንድ የሁለት አይደለም። የመንደሩ ከብት ሁሉ አንድ ላይ ሲጮህ የሰው ልቅሶ ይመስላል። ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ።

ገንዳዎቹ ደርቀዋል። ከታች የቀረውን ጭቃ ከብቶቹ እየተረጋገጡ ይልሳሉ፤ አንዲት ጊደር ገንዳ ውስጥ ገብታ መውጣት አቅቷታል። ላይኛው ኩሬ ባዶውን ቀርቶ ከስንጥቁ ነጭ እንፋሎት ብቻ ይወጣል። አንዲት ሴት «ውሃው ሸሸ! እሳቱ መጣ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልቻልኩም። ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኮረብታው የሚሮጡ ሴቶች አየሁ። ቤቱ ገብቶ ሳጥኑን የሚጎትት ሰው አየሁ። ወጣቶቹ ዱላ ይዘው ወደ መቆፈሪያው ሲሮጡ ቆፋሪዎቹ መኪና ውስጥ ገብተው በር ቆለፉ። ሰናይት ከበሩ ፊት ለፊት ብቻዋን ቆማ በአማርኛ «ይመለሳል! ተነግሯችኋል እኮ! ይመለሳል!» ትላለች፤ ማንም አይሰማትም።

ሙደሲር ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ይናገሩ። እኔ ብናገር እንግዳ ነኝ፤ አያምኑኝም። ልጅቷን ይገድሏታል።»

ኦቦ ዲንሳ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመው ከዘራቸውን አነሱ። ጩኸቱ በረደ።

«ዋቢያችን የት አለ?» አሉ።

መሸሽ አስቤ ነበር። ከኋላዬ ያለውን የጫካ መንገድ ዓይኔ ፈልጎታል። እግሬ ግን ወደ ፊት ሄደ፤ ጀግንነት አልነበረም፣ ሰናይትን የከበበው ዱላ ከዝምታቸው የበለጠ ስላስፈራኝ ነው።

«እዚህ ነኝ» አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። «ስሙኝ። እሳት አይመጣም። ውሃው በፓምፑ ምክንያት ለሁለት ሦስት ቀን ሊጠፋ እንደሚችል፣ ተመልሶም እንደሚመጣ፣ ከብቱንም ሌላ ቦታ እንድታጠጡ ኢንጂነሯ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ለእናንተ እንድነግር አደራ ብላኝ ነበር። እሷ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

«እናንተን።»

ማንም አልጮኸብኝም። ብመታ ይቀለኝ ነበር። አንድ ወጣት ዱላውን መሬት ላይ ጣለ። አዳዳ ጫልቱ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ኦቦ ዲንሳ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሣሩን መልስ» አሉኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰዉ መልሰው ስለ ከብቱ መናገር ጀመሩ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነበርኩ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን የሚያናግረኝ አልነበረም።

ከመንደሩ በታች ወዳለው፣ በበጋም ወደማይደርቀው ወንዝ ሁለት መንገድ አለ። ረጅሙ በኮረብታው ዙሪያ ደህና ሆኖ ይሄዳል፤ አጭሩ በገደሉ አፋፍ ላይ በሚንሸራተት ጠጠር ይወርዳል። ትናንት ቢያውቁ ከብቱን ሳያስጠሙ በረጅሙ ይነዱት ነበር። አሁን ግን ከብቱ ከትናንት ቀትር ጀምሮ የደረቀ ነው፤ ፀሐይዋም እየበረታች ነው። በአጭሩ ይሁን ተባለ። እኔም ከኋላ ተከትዬ የአዳዳን በሬ ገመድ ያዝኩ። አልከለከለችኝም።

ግማሽ መንገድ ላይ ነፋሱ የወንዙን ሽታ አመጣ። ዳማው ራሱን ወርወር አድርጎ ገመዱን ከእጄ መነጨቀኝ። ከፊት ያሉትን ከብቶች አልፎ ቁልቁል ሮጠ። ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ሲሸሽ አየሁ፤ ከዚያ ጎኑ ሲገለበጥ አየሁ፤ ከዚያ ከታች የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ስንደርስ በሕይወት ነበር። ሁለቱም የፊት እግሮቹ ታጥፈዋል፤ ወንዙ ከአፍንጫው አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። አዳዳ ጫልቱ በነጠላዋ ጫፍ ውሃ አምጥታ አፉ ላይ ጨመቀችለት። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ። ወንዶቹ እዚያው አረዱት።

አርብ፣ ወደ ቤት

ፓምፑ ቆመ፣ ጉድጓዱም ተከደነ። ሽማግሌዎቹ ውሃው እስኪመለስ ማንም እንዳይነካው ከልክለው ሁለት ጠባቂ አቆሙ። ሰናይት ወረዳው ከተማ ሆና ልትጠብቅ፣ ሙደሲር ግን እኔን መቱ አድርሶ ሊመለስ ተነሳን። ስሰናበት አዳዳ ጫልቱ ሳመችኝ።

ሰናይት ስትወርድ በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«መምህር፣ አዎ ብለውኝ ነበር እኮ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ሙደሲር ሬዲዮ አልከፈተም። ድልድዩን ስንሻገር ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ልጨፍነው የሚገባኝ እንደሆነ እንኳ ትዝ ያለኝ ካለፍን በኋላ ነው። መቱ መናኸሪያ ሻንጣዬን አውርዶ «አይዞዎት፣ ጋሼ» አለኝ። ያ ቃል ከስድብ በላይ ከበደኝ።

የጎሬው ሚኒባስ አቀበቱን እያቃሰተ ሲወጣ ጉሙ እንደገና ወርዶ ነበር። ቤት ስገባ ውብነሽ ልትቀልድብኝ አፏን ከፍታ ፊቴን ስታይ ተወችው። እራት ሳልበላ ሁሉንም ነገርኳት። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይል ነበር አባቴ፤ እኔ አፌ አልከዳኝም፣ እኔ ነኝ አፌን የከዳሁት። ሰዎችን ከስጋት አድናለሁ ብዬ ዝም ማለቴ ያዳነው እኔን ብቻ ነው፤ እኔንም ለሁለት ቀን። ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነው፣ ዋጋውን ግን እኔ አልከፈልኩትም።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ድረስ ውሃው ይመለስ አይመለስ አላወቅኩም። በነዚያ ቀናት ስልክ በጮኸ ቁጥር ዘልዬ አነሳለሁ። ቢመለስ ደግ፤ ባይመለስ ሰናይትም ተሳስታለች፣ እኔም አንድ መንደር አድርቄያለሁ ማለት ነው። ትምህርት ተከፍቶ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው የተደወለው። ተማሪዎቹን ይቅርታ ጠይቄ ደጅ ወጣሁ። አዳዳ ጫልቱ ናት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ስለወጣች ታለከልካለች።

«ውሃው መጣ» አለችኝ። «ቅዳሜ ቀትር ላይ ደፍርሶ መጣ። ዛሬ ጠርቷል፤ ከብቱ ጠጣ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። እሷ ቀጠለች። ከሾላው ሥር እንደገና ተሰብስበዋል። የሰናይትን ቃል የተረጎመው ሙደሲር ነው። ክፉ ክፉውን መጀመሪያ ጠይቀውታል፤ እሱም አንድም ሳያስቀር፣ የማታውቀውንም «አላውቅም ትላለች» እያለ ነግሯቸዋል። ተማክረው ቁፋሮውን ፈቅደዋል፤ ፓምፑ የሚሠራበትን ቀን ግን ኦቦ ዲንሳ ይቆርጣሉ፣ በዚያ ሰሞን ከብት አይጠማም። የእሷን ማሳ ጎረቤት በደቦ ሊያርስላት ነው።

«ስለ እኔስ?» አልኳት።

«ዲንሳ፣ የወንድማችን ልጅ ሲመጣ ቤቱ ነው ብሏል። ከሾላው ሥር ግን ቃሉን አንሰማም ብሏል።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሁለት ጊዜ ስሜን ጠራች።

«አለሁ፣ አዳዳ። ፈርቼ ነበር እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችኝ። «እኛስ ያልፈራን መስሎህ ነው? ብትነግረን ኖሮ አብረን እንፈራ ነበር።»